«ፓኔሉ ሄዷል» ያለው ማነው?

«ፓኔሉ ሄዷል!»

በዚህች አገር እንደዚህች ባለ ሁለት ቃል ፍርድ ብዙ ቴሌቪዥን የቀበረ ነገር ያለ አይመስለኝም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ይጎዳል፤ አቧራውም ይጎዳል፤ ሳሎን ውስጥ ኳስ የሚጫወት ልጅም ይጎዳል። እነዚህ ግን ቢያበላሹ እንጂ አይቀብሩም። ቀብሩን የሚያስፈጽመው ይህ ፍርድ ነው። ምርመራ የለው፣ ማስረጃ የለው፣ ይግባኝ የለው።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ካፓሲተር መበየድ አልችልም፤ እችላለሁም አላልኩም። ግን ክፍል ውስጥ እስኪሰለቸን ድረስ የተነገረን አንድ ነገር አለ፦ «ይህን ያለው ማነው? በምን አወቀ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትጻፉ። እስቲ ዛሬ ይህችን ጥያቄ ይዘን ጥገና ቤት እንግባ።

ፀዳን ለማታውቋት፦ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወጡ አዘዞን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ብዙ ሰው በጤና ሳይንስ ኮሌጇ ያውቃታል። እዚያ የምትኖረው አክስቴ 32 ኢንች ቴሌቪዥን አላት። አንድ ማታ ምስሉ ድርግም አለ። ድምፁ አለ፣ ቻናል ይቀይራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጎንደር ወሰደችው። ባለሙያው ሰካው፣ አየት አደረገው፣ ፈረደበት፤ ፓኔሉ ሄዷል። ቀጥሎም «ከፈለጉ ለመለዋወጫ እኔ ልግዛዎት» ብሎ ዋጋ ጠራላት።

«ሳይከፍተው?» አልኳት።

«ምን ይከፍተዋል፣ ያውቀው የለ!» አለችኝ።

ያውቀው የለ! በዚያችው ፀዳ ለጤና ሙያ የሚሠለጥን ተማሪ ሳይመረምር መድኃኒት ቢያዝ ከክፍል ይባረራል። ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን ግን በዓይን አይቶ «ሞቷል» ማለት ዕውቀት ሆነ።

ፓኔሉ ምን ማለት ነው?

«ኤልኢዲ ቲቪ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ቤታችን ያሉት አብዛኞቹ ፍላት ቴሌቪዥኖች ምስሉን የሚሠራው ፓኔል የራሱ ብርሃን የለውም። ብርሃኑ የሚመጣው ከጀርባው ከተደረደሩ ጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች ነው። (ኦሌድ የሚባሉት ውድ ዓይነቶች ይለያሉ፤ እነሱ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ታበራለች።) የጀርባ መብራቶቹ ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ተቀጣጥለው የተሠሩ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ ይቋረጣል፣ ስክሪኑም ይጨልማል። ምስሉ አለ፤ የሌለው የሚያሳየው ብርሃን ነው። ለዚህ ነው ክፍሉን አጨልማችሁ፣ የስልክ መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ በሰያፍ ስታበሩ ምስሉ ደብዝዞ የሚታያችሁ። ከታያችሁ ፓኔሉ አልሄደም! የሚቀየረው የጀርባው መብራት ወይም እሱን የሚመግበው ክፍል ነው።

ቀዩ መብራት እንኳን ካልበራ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ቦርዱ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ፣ ያበጠ ካፓሲተር። ስክሪኑ ላይ መስመር መስመር ከወጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ከማገናኛ ሪባኑ ወይም ቲኮን ከምትባለው ትንሽ ቦርድ ሊሆን ይችላል፣ ከፓኔሉም ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ከተሰነጠቀማ እውነትም ፓኔሉ ሄዷል፤ ለብቻው መግዛቱ ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙም ስለማይርቅ ለቅሶ መቀመጥ ነው። እንግዲህ አራት የተለያየ ሕመም አለ። ለአራቱም አንድ መልስ የሚሰጥ ሰው ምኑን መረመረ?

(ይህን ያነበበ ሁሉ ካቻቪቴ ይዞ እንዳይነሳ! ግድግዳው ላይ 220 ቮልት የሆነችው ኤሌክትሪክ ፓወር ቦርዱ ውስጥ ዋናው ካፓሲተር ላይ ስትደርስ 300 ቮልት ታልፋለች። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም እዚያው አድብታ ልትቆይ ትችላለች። በስልክ መብራት ማየት የእናንተ፣ መክፈት የባለሙያው ነው።)

ሌባው ማነው?

አሁን «ቴክኒሻን ሁሉ ሌባ ነው» ብለን ለመገላገል አንቸኩል። እኔ ጣቴን የምቀስረው መጀመሪያ ወደ እኛ ወደ ደንበኞቹ ነው።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ለካርድ እንከፍላለን። ደም ሰጥተን «ምንም የለብዎትም» ስንባል ገንዘቤን መልሱ አንልም፤ ተመስገን ብለን እንወጣለን። ቴክኒሻኑ ግን ብሎኑን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ በቴስተር ለክቶ፣ «ይሄ አያዋጣዎትም፣ ብርዎን አያውጡ» ብሎ እውነቱን ቢነግረን ምን እንላለን? «ለማየት ብቻ ነው እንዴ የምታስከፍለኝ?!»

አክስቴም እንደዚሁ ናት። ቴሌቪዥኑን ሁለተኛ ቴክኒሻን ዘንድ ወሰድነው። ልጁ በስልኩ መብራት ምስሉን አሳያት፣ ከፍቶ የተቃጠለውን ለየ፣ መብራቶቹን በሙሉ ቀየረ። ቴሌቪዥኑ ዛሬም ይሠራል። እሷ ግን መንገዱን ሙሉ ያጉረመረመችው ስለ መጀመሪያው ሰውዬ መስሏችኋል? ሁለተኛው ለምርመራ ስላስከፈላት ነው!

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። እውነት የተናገረው ባዶ እጁን ይገባል። ሳይከፍት «ፓኔሉ ሄዷል» ብሎ ዕቃውን በርካሽ የገዛው ደግሞ ደህናውን ቦርድ አውጥቶ ይሸጣል። ሐቀኝነትን በነፃ እየጠየቅን ለውሸት የምንከፍለው እኛው ነን።

ይህ ንቀት ከፍላት ቲቪ ጋር የመጣ አይደለም። ጎንደሬ ያውቀዋል። ወለቃ ላይ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤላውያን ማረሻቸውንና ማሰሯቸውን ተቀብለን ሰዎቹን «ቡዳ» ብለናቸዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁን መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬ ቡዳ አንልም፤ «ለብሎን መፍታት ይህን ያህል?» እንላለን።

«ቢሠራም በሦስት ወሩ ይበላሻል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይበላሻል። አንዷን የተቃጠለች መብራት ብቻ ቀይሩልኝ ስትሉ ይበላሻል፤ እኩል ዕድሜ ያላቸው ጓደኞቿ ተራቸውን እየጠበቁ ነዋ! ሁሉም ሲቀየር፣ ከዚያም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የጀርባ መብራቱን ከመጨረሻው ጣሪያ ዝቅ ስታደርጉት ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ርካሹን ጥገና የመረጠ ደንበኛ ጥገናን ሁሉ መራገም አይችልም።

ሻጮቹስ?

ቴክኒሻኑና ደንበኛው ሲነታረኩ ዳር ቆሞ የሚስቅ ሦስተኛ ወገን አለ። ቴሌቪዥኑን ያስመጣው ነጋዴ! በካርቶን ጭኖ ያመጣል፣ ይሸጣል፣ ዋስትና ብሎ ወረቀት ይሰጣል። መለዋወጫ ስትጠይቁት ግን «አዲስ ሞዴል ገብቷል» ይላችኋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ተፈጻሚ ባደረገው ደንብ የቴሌቪዥን አምራቾች የውስጥ ፓወር ሰፕላይንና ትልልቅ ካፓሲተሮችን የመሳሰሉ መለዋወጫዎች ሞዴሉ ገበያ ላይ መዋሉ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ7 ዓመት እንዲያቀርቡ አስገድዷል። ከእኛ በብዙ እጥፍ ሀብታም የሆነው አገር ሰው መጠገን አለብኝ ሲል እኛ እንጥላለን!

እኛም ደንብ አላጣንም። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቆሻሻን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም ወጥቷል። ጥሩ ነው። ግን ዕቃው ቆሻሻ ከመባሉ በፊት ያለውን ጉዳይ ማን ይያዝልን? ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። «ጣለውና አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ያኔም የሀብታም ምክር ነበር፤ አሁን ደግሞ ቀልድ ሆኗል።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

1. ለምርመራ እንክፈል። ጥገናው ቢቀር እንኳን እንክፈል። የምንገዛው እውነቱን ነው።

2. «የትኛው ክፍል ነው የሄደው? አሳየኝ» እንበል። የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀብለን እንውጣ።

3. ቴክኒሻን ወንድሞችና እህቶች፣ የምርመራ ዋጋችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ውጤቱንም በወረቀት ጻፉና ስጡ። ጽፎ የሚፈርም ሰው በዓይኑ አይቶ አይፈርድም።

4. አስመጪው በሸጠው ሞዴል ልክ የጀርባ መብራትና ፓወር ቦርድ ያስመጣ፤ ንግድ ቢሮውም ይህን ይጠይቀው።

እናንተ ደግሞ ድምፅ ያለው፣ ምስል የሌለው ቴሌቪዥን ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ ካለ ለቆራሌው ከመጥራታችሁ በፊት ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፉና የስልካችሁን አብሩበት። ምስል ካያችሁ፣ «ፓኔሉ ሄዷል» ያላችሁን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ በምን አወቅህ?

ቸር እንሰንብት!