አሮጌ መሳይ አዲስ ሱሪ

ዛሬ የምናነጋግረው ወንዶቹን ነው። እኅቶቻችን ለአንድ እትም ይረፉ፤ በፋሽን ስም ሲወገዙ የኖሩት እነሱ ናቸውና።

ሰሞኑን የወረረን ምንድን ነው? የአባቶቻችን ዘመን ጂንስ! ወገቡ ከፍ፣ እግሩ ሰፋ ያለ፣ ጭኑ ላይ የነጣ፣ ጉልበቱ ላይ የተተለተለ። ባለሱቆቹ «ቪንቴጅ» ይሉታል። ወንድሞች፣ አሮጌ ቢሆንማ ምን ከፋን! አዲስ ነው እንጂ። አሮጌ እንዲመስል ተብሎ የተሠራ፣ አሮጌ በመምሰሉም ዋጋ የተጨመረበት አዲስ ሱሪ።

ጂንስ የሠራተኛ ልብስ ነበር። በ1873 እ.ኤ.አ. ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊ ከነጋዴው ከሊቫይ ስትራውስ ጋር በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያወጣው የሠራተኛው ኪስ እየተቀደደ ስላስቸገረ ነው፤ መጋጠሚያውን በትንንሽ የመዳብ ምስማሮች አጠበቀው። እንግዲህ እንዳይቀደድ የተፈለሰፈውን ሱሪ ቀድደው ይሸጡታል፤ ተሻምቶ የሚገዛም አልጠፋም። ኧረ የጉድ ነው!

የሚያስቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ያ ጭን እንዴት ይነጣል? አንዱ ዘዴ አሸዋን በአየር ግፊት ጨርቁ ላይ መርጨት ነው። ብናኙን የሚስበው ሠራተኛ ሳንባው እየጠጠረ ይሄዳል፤ በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፣ ፈውስም የለውም። በቱርክ የእኛው እኩዮች የሆኑ ሠራተኞች ሞተውበታል። መንግሥቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ከለከለ፤ በባንግላዴሽና በቻይና ግን ከዚያም በኋላ ሲሠራበት ተገኝቷል። ዛሬ በሌዘር የሚያነጡም አሉ። የቱ በየትኛው እንደ ነጣ ሱሪው ላይ አይጻፍም።

ከዚሁ ከየካ ቀና ብለን እንጦጦን እንይ። ከባሕር ዛፉ መኻል ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚ እናቶች ቀሚሳቸው ከትከሻው ሳስቷል፣ ጫፉ ተተልትሏል። ያሳሳው ሸክሙ ነው። አዲስ ቢያገኙ ዛሬውኑ ይቀይሩት ነበር። በአጠገባቸው የሚያልፈው ጎረምሳ ግን ከቤት የተላከለትን ብር ቆጥሮ ቡትቶ ይገዛል! የሾላ ገበያ ሰልባጅ ሺ ጊዜ ይሻላል፤ እሱስ ቢሆን ሰው ለብሶት ተቀምጦበታል፣ ተነሥቶበታል።

«ታዲያ ይከልከል፣ ከበር ይመለሱ» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ እንለያያለን። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ የዚያን ዘመን ተማሪዎች ተቃወሙ። ሕዝብ እየተራበ የባዕድ ቄንጥ ማሳየት ስድብ ነው አሉ። አባባሉ ከንቱ አልነበረም። ግን ምን ተደረገ? ሊያዩ የመጡ ሴቶች ተሰደቡ፣ ተዋከቡ። ፖሊስ ገባ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ዩኒቨርስቲው ተዘጋ። ከቄንጡ ነጋዴ ይልቅ ለባሿ ተዋረደች። ይህን መድገም አንፈልግም፤ የማንንም ሱሪ አናስወልቅም።

ጂንስ የምትወድ ወንድማችን፣ ልበስ። ደህናውን፣ ጠቆር ያለውን ግዛና ራስህ አስረጀው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ወንበርና የእንጦጦ አቀበት ለዚህ አያንሱም። የነጣውን ካልገዛሁ ካልክም አንድ ነገር አድርግልን። ብሩን ከመክፈልህ በፊት ባለሱቁን «ይህን ያነጣው ማን ነው? በምን አነጣው?» ብለህ ጠይቀው። መልስ ከሰጠህ አምጣልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።