ከወንበዴነት የተመለሰውን ማን ይቀበለው?

 

በቦንጋ ከተማም ሆነ በጊምቦና በዴቻ ገጠር፣ ከጓደኞቹ ጋር ተቧድኖ ሰው ሲዘርፍ የነበረ ወጣት ቅጣቱን ፈጽሞ ከማረሚያ ቤት ቢመለስ ምን ይገጥመዋል? ብዙ ጊዜ ጎረቤት ይሸሸዋል፤ ሥራ የሚሰጠው ያጣል፤ ልጆችም «ሌባው መጣ» እያሉ ይጠቋቆሙበታል። ደስ ብሎት የሚቀበለው የቀድሞ የዝርፊያ ጓደኛው ብቻ ይሆናል። እኛ ክርስቲያኖች ግን ከዚያ ጓደኛ ቀድመን ልንቀበለው ይገባናል።

ይህን ከቅዱሳን ታሪክ እንማራለን። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖረ ሲሆን፣ አስቀድሞ የወንበዴዎች አለቃ ነበር። ንስሐ ሊገባ ወደ አስቄጥስ ገዳም ሲሄድ አባቶች አላባረሩትም። የቀድሞ ልማዱ ብዙ ጊዜ ታግሎታል፤ አባ ኤስድሮስ ግን በትዕግሥት አጽናናው። ሙሴም ሌሊት እየተነሣ ለአረጋውያን መነኮሳት ውኃ ይቀዳ ነበር።

አንድ ቀን 4 ወንበዴዎች ሊዘርፉት ወደ በዓቱ ገቡ። እርሱም ብርቱ ስለነበረ አሰራቸውና ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። ሊጎዳቸው ስላልወደደ ምን ያድርጋቸው ዘንድ አባቶችን ጠየቀ። እነርሱም ያ የታወቀው የወንበዴዎች አለቃ መሆኑን ባወቁ ጊዜ ንስሐ ገብተው መነኮሱ።

ልጆች፣ ልብ በሉ! ቅዱስ ሙሴ እንዲሰርቁ አልፈቀደላቸውም፤ ግን አልተበቀላቸውም። ርኅራኄ ጥፋትን መሸፈን አይደለም። ዘኬዎስም በተመለሰ ጊዜ የበደላቸውን ሰዎች ሊክስ ቃል ገብቷል (ሉቃ. 19፥8)። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ የሰረቀ ሰው ስርቆትን ትቶ በገዛ እጁ እንዲሠራና ለችግረኛ እንዲያካፍል አስተምሯል (ኤፌ. 4፥28)። እንግዲህ ሥራ የሚሰጠው ከሌለ እንዴት ይሠራል?

«ተመልሶ ቢሰርቅስ?» የሚሉ አሉ። ጥንቃቄ ተገቢ ነው። ነገር ግን የካፋ ገበሬ ያረጀ ቡናውን ጎንድሎ አዲስ ቀንበጥ ሲያበቅል በዚያው ዓመት ፍሬ አይጠብቅም፤ 2 ወይም 3 ዓመት ይንከባከበዋል። ለቡና የምንታገሠውን ያህል ለሰው ልጅማ እንዴት አብልጠን አንታገሥም?

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ብቻችሁን ወደማታውቁት ሰው ሂዱ ማለት አይደለም። ነገር ግን፦

1. የተመለሰውን ሰው በቀድሞ ጥፋቱ አትጥሩት።
2. ልጁ ወይም ወንድሙ በክፍላችሁ ካለ፣ እርሱ ባልሠራው ጥፋት አትስደቡት፤ አብራችሁት ተቀመጡ፤ አብራችሁት ተጫወቱ።
3. ወላጆቻችሁ ለቡና ለቀማ ወይም ለአጥር ሥራ ሰው ሲፈልጉ ስሙን አንሡላቸው።
4. በጸሎታችሁ እርሱንም የተዘረፉትንም አስቡ።

ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ ንስሐ የገባውን ወንበዴ ወደ ገነት አስገብቶታል (ሉቃ. 23፥43)። እርሱ ያልናቀውን እኛ አንናቅ። የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ጸሎት አይለየን። አሜን።

ጥያቄ፦ ቅዱስ ሙሴ 4ቱን ወንበዴዎች ለምን አሰራቸው? ለምንስ አልጎዳቸውም?