ሞዴል ማሳመሪያ አይደለም!

ወገኖቼ፣ የአንደኛ ዓመት አርክቴክቸር ተማሪን በፎም ቦርዱ ንጣት ማርክ መስጠት ይብቃ! እሱ ለኪስ የሚሰጥ ውጤት ነው። ብር ያለው በላዘር አስቆርጦ ይመጣል፤ የሌለው ከሱቅ በለመነው የብስኩት ካርቶን፣ በከተርና በኮላ ሲታገል ያድራል። ጣሪያው ለምን እንደቆመ የገባው ግን የትኛው ነው?

ጋውዲ ለኮሎኒያ ጉዌል ቤተ ክርስቲያን በ1:10 ስኬል የሠራው ሞዴል እኮ ገመድና የተንጠለጠሉ ትናንሽ ከረጢቶች ነበር! ክብደቱ ገመዱን ስቦ ቅርጽ ያስይዘዋል፤ ሲገለበጥ ቅስቱ ይወጣል። ለማየት ሳይሆን ለማሰብ ነው የሠራው።

መምህራን፣ ተቀዶ የተለጠፈውን ሞዴል አንሱና «ይሄን ለምን ቀየርከው?» በሉት። ማርኩ መልሱ ላይ ነው። ልጆች፣ እናንተም የተበላሸውን አትጣሉ፤ ጁሪ ላይ ይዛችሁት ግቡ!