መጀመሪያ ባለቤትነቱ

ማላ በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ የሚኖር፣ ከጥንቸል ብዙ የማይበልጥ፣ እንደ ካንጋሮ በኋላ እግሮቹ የሚፈናጠር እንስሳ ነው። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአህጉሪቱ ዋና ምድር በዱር የቀሩት የማላ መንጋዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም በታናሚ በረሃ። በ1987 አንደኛውን መንጋ ቀበሮ ጨረሰው። በ1991 ደግሞ ሁለተኛው በሰደድ እሳት አለቀ። የዋናው ምድር ዘሩ እስከ ዛሬ የቆየው ቀደም ብሎ ጥቂቶቹ ተይዘው በአጥር ውስጥ እንዲባዙ በመደረጉ ነው።

ቀበሮውንና ድመቷን ወደዚያ ምድር ያመጡት አውሮፓውያን መሆናቸው በሰፊው ይነገራል። የእሳቱ ታሪክ ግን ያን ያህል አይነገርም። ዋርልፒሪ፣ ፒንቱፒና ማርቱ የሚባሉት የበረሃው ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን ለሺህ ዓመታት ሲያቃጥሉት ኖረዋል። የሚያቃጥሉት ግን ወቅት እየመረጡ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየለዩ ነበር። ስለዚህ ስፒኒፌክስ የሚባለው እሾሃማ ሣር አንዱ ጋ አርጅቶ፣ ሌላው ጋ ገና እያቆጠቆጠ ይገኝ ነበር። ማላ ለጋውን ይግጣል፣ ባረጀው ሥር ይደበቃል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎቹ ወደ ሚሲዮን ጣቢያዎች፣ ወደ ከብት እርባታዎችና ወደ መንግሥት ሰፈራዎች ሲሄዱ ግን ሣሩን በየወቅቱ የሚያቃጥለው ጠፋ። ሣሩ በየቦታው አንድ ላይ አረጀ፤ መብረቅ የለኮሰው እሳትም የሚያቆመው ገላጣ መሬት ስላጣ አገር እያቋረጠ መንደድ ጀመረ። ፒንቱፒዎች ገና በምድራቸው ሳሉ በ1953 ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ትናንሽ የቃጠሎ ጠባሳዎች ተበታትነው ይታያሉ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሳተላይት ያነሣቸው ጠባሳዎች ግን ግዙፍ ናቸው።

ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። እኛ ጥበቃ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሰውን ማስወጣት ነው። በአውስትራሊያ በረሃ ሰው ወጣ፣ እንስሳውም ተከትሎ ጠፋ።

በምዕራብ አውስትራሊያ ከማርቱዎች ጋር ለረጅም ጊዜ የሠሩት ተመራማሪዎች ርብቃ ብሊጅ በርድና ዳግላስ በርድ በ2013 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። የማርቱ ሴቶች አርጃኖ የሚያድኑት ያረጀውን ሣር አቃጥለው፣ ጉድጓዷን አሸዋው ላይ ፈልገው፣ ቆፍረው ነው። ተመራማሪዎቹ ሲቆጥሩ አርጃኖ በብዛት የተገኘው አደን በበዛበት አካባቢ ነበር። አዳኙ የሚያቃጥለው መሬት ለአርጃኖዋ የተመቸ ይሆናልና። ይህን ለማንኛውም የፓርክ ሹም ብትነግሩት መጀመሪያ አያምናችሁም።

ዕውቀቱ መኖሩ ብቻውን ግን ምንም አላመጣም፤ ባለዕውቀቱ ለዘመናት ሰሚ አልነበረውም። ነገሩን የለወጠው ሕግ ነው። በ1976 ለሰሜናዊው ግዛት የወጣው የመሬት መብት ሕግ፣ በ1992 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማቦ ጉዳይ የነባር ሕዝቦችን የመሬት መብት በመቀበል የሰጠው ውሳኔ፣ በማግሥቱ ዓመት የወጣው የነባር ሕዝቦች የመሬት ባለይዞታነት ሕግ፤ እነዚህ ናቸው አሸዋውን የሚያውቀውን ሰው ወደ ጠረጴዛው ያመጡት። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን በራሳቸው ፈቃድ ጥብቅ ሥፍራ ብለው ማወጅ ችለዋል። ኪዊርኩራ የምትባለው የበረሃ መንደር ፒንቱፒዎች በ2001 መብታቸውን በፍርድ ቤት አስከበሩ፤ በ2014 ከ4 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆን ምድራቸውን አወጁ። በዚያ ምድር ቢልቢ የምትባለውን ባለ ረጅም ጆሮ ቆፋሪ እንስሳ የሚያሳድዱትን ዱር የገቡ ድመቶች ዱካ በእግራቸው እየተከተሉ የሚያድኑት የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

ኒውሄቨን ደግሞ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ፣ አንድ የግል የጥበቃ ድርጅት የሚያስተዳድረው 262,000 ሄክታር ያህል የሆነ የቀድሞ የከብት እርባታ ነው። ነባር ባለመብቶቹ የንጋሊያ ዋርልፒሪ ሰዎች ናቸው። በ2018 በዚያ 44 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ድመትና ቀበሮ የማያሳልፍ አጥር ተጠናቀቀ። አጥሩን ገንዘብ ሠራው። አጥሩ ሲዘጋ ውስጥ የቀሩትን ድመቶች ለማጥራት ግን ሬንጀር የሚባሉት የዋርልፒሪ መሬት ጠባቂዎች አሸዋው ላይ ዱካ እያነበቡ መከተል ነበረባቸው። ማላም ዛሬ እዚያ ተመልሶ ይፈናጠራል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የሌሊቱ በቀቀን ታሪክ ነው። ይህ ወፍ ለብዙ ዘመን ጠፍቷል ሲባል ኖሮ በ2024 የወጣ ጥናት በታላቁ አሸዋማ በረሃ፣ በንጉሩርፓ ሕዝብ ምድር፣ እስከ 50 የሚደርሱ ወፎች እንዳሉ ገመተ። ሬንጀሮቹና ተመራማሪዎቹ በ31 ቦታዎች ድምፅ መቅጃ ተክለው በ17ቱ ወፉን ሰሙት። ጥናቱ በአካባቢው ያለው የዱር ውሻ ዲንጎ ድመቶችን እንደሚበላም አመለከተ፤ ስለዚህ ዲንጎውን መግደል ለወፉም አደጋ ነው። ሬንጀሮቹ በጥናቱ ላይ ስማቸው የሰፈረው እንደ መንገድ መሪ አይደለም፤ እንደ ደራሲ ነው።

ነገሩን ግን አላሳምረውም። ታላቁ ዓለት ባለበት በኡሉሩ መሬቱ በ1985 ለአናንጉ ሕዝብ ተመለሰ፤ በዚያው ቀን ግን ለመንግሥት የፓርክ መሥሪያ ቤት ለ99 ዓመት በኪራይ ተሰጠ። በፓርኩ አስተዳደር ቦርድ ውስጥ አብላጫው ድምፅ የአናንጉ ነው። እንዲያም ሆኖ ባለቤቶቹ አትውጡበት እያሉ ሲለምኑበት የኖሩት ቅዱስ ዓለት ለሚወጡት ጎብኚዎች የተዘጋው በጥቅምት 2019፣ ከ34 ዓመት በኋላ ነው። ወንበር ማግኘትና መወሰን መቻል ይለያያሉ። የሬንጀሮቹ ደመወዝም በአመዛኙ በመንግሥት የበጀት ውል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ውሉ በተቋረጠበት ቀን ዱካ የሚያነበው ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አፋር ስለማስብ ነው። በ1960ዎቹ የአዋሽ ፓርክ ሲከለል የአፋሮች ጎረቤት የሆኑት የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውን አጡ፤ በመተሐራ በኩልም የሸንኮራ አገዳ እርሻው ተጨመረባቸው። ቁስሉ ዛሬም አልሻረም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። የአፍሪካ የዱር አህያ ዛሬ በዓለም ላይ ከእኛው አፋርና ከኤርትራ ደንከል በቀር በእርግጠኝነት የሚገኝበት ቦታ የለም፤ ቁጥሩም እጅግ ትንሽ ነው። ከአፋር ከብትና ግመል ጋር አንድ ሣር ይግጣል፣ አንድ ውኃ ይጠጣል። አፋሮች ደግሞ ዳጉ አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ የሚለዋወጡበት ሥርዓት። የትኛው ሸለቆ ዝናብ እንዳገኘ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ ቢሮ ከመድረሱ በፊት በዳጉ ይታወቃል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ለዱር አህያው ሲባል የሚቀጥለው ወሰን ከመሰመሩ በፊት የጎሳ መሪዎቹ መሬቱ የእነሱ መሆኑ የተጻፈበትን ሰነድ በእጃቸው ይያዙ። የጥበቃው ዕቅድ ካርታ ሳይነደፍ ከእነሱ ጋር ይጀመር፤ እምቢ ካሉም እምቢታቸው ይጽና። ዱካ የሚከተለው የአፋር ወጣት ደመወዝ በፕሮጀክት ዕድሜ ሳይሆን በመንግሥት ቋሚ በጀት ይያዝ።