ማን ጠጣው?
ስለ ወንዝ፣ ስለ ፈቃድና ስለማናየው ካርታ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው አዋሽን መንገድ ላይ ደጋግሞ ያገኘዋል። ብዙዎቻችን በመኪናው መስኮት አይተነው እናልፋለን። ወንዙ ከሚለካባቸው ቦታዎች በአንዱ ወርዶ ያየ ግን ቀለም የተቀባ፣ ሴንቲ ሜትር የተጻፈበት ብረት ውሃው ውስጥ ቆሞ ያገኛል። አንድ የአካባቢው ሰው በቀጠሮ ሰዓት እየመጣ ቁጥሩን ያነብና ደብተር ላይ ያሰፍራል። ትንሽ ራቅ ሲሉ ደግሞ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ወፍራም ቱቦ ወንዙ ውስጥ ተነክሮ ውሃውን ወደ እርሻ ይስባል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ብረቱን የሚያነበው ሰው ደብተርና ለቱቦው ባለቤት የተሰጠው ፈቃድ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ያውቃሉ? ተገናኝተው ከሆነስ እኔና እናንተ ልናየው የምንችለው ቦታ ላይ ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ ይኸው ነው። በየተፋሰሱ ውሃ ለመውሰድ ፈቃድ ያገኘው ሁሉ፣ የወሰደበት ቦታና የተፈቀደለት መጠን፣ እንዲሁም ወንዙ የሚለካበት ጣቢያ ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ ወጥቶ ማንም ዜጋ ይየው ነው የምለው። «አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት አንተ ካርታ አማረህ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ታገሱኝ።

ሕጉማ አለ

ነገሩ ሕግ አጥተን አይደለም። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ለቤት ውስጥ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ አለው ይላል። ከተወሰኑ ነገሮች በቀር ውሃ መጠቀም የሚፈልግ ፈቃድ ያውጣ ይላል። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታና የውሃ ወፍጮ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። በ1997 ዓ.ም. ዝርዝር ደንብ ወጣለት። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣናትን የሚያቋቁም አዋጅ መጣ፤ የተፋሰሱን መረጃ መሰብሰብ፣ ማጠናቀርና ማሰራጨትም ከሥራዎቻቸው አንዱ ሆኖ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቶቹ ስማቸውንና ጣሪያቸውን ቀይረዋል፤ ተዋህደዋል፣ ተለያይተዋል። ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው።

የአዋሽ ጉዳይማ ከዚህም ይቀድማል። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። የቆቃ ግድብ አልቆ መብራት መስጠት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው የተፋሰስ አስተዳደር ልምድ አለን ብለን ብንኮራ ማን ይከለክለናል?

ኩራቱ እንዳለ ሆኖ አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። በአዋሽ ላይ ለረጅም ዓመታት ለመስኖ የሚከፈለው ዋጋ ለ1,000 ሜትር ኩብ ውሃ 3 ብር ነበር። 1,000 ሜትር ኩብ አንድ ሚሊዮን ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንቆጥር 50,000 ጀሪካን በ3 ብር! በየከተማው አንድ ጀሪካን ውሃ በስንት እንደሚሸጥ እናንተ ታውቃላችሁ። ዋጋው እንዲህ ሲሆን ምን ያህል እንደወሰደ አጥብቆ የሚጠይቀው፣ አጥብቆም የሚለካው አይኖርም። ያልተለካ ነገር ደግሞ ሲጎድል ማን እንደወሰደው አይታወቅም።

ሐሮማያን ያየ

ሐሮማያን አስታውሱ። ሐረር ለዓመታት የጠጣችው ከዚያ ሐይቅ ነበር። ጫትና አትክልት የሚያመርተው ገበሬም ሞተሩን ተክሎ ከሐይቁና ከዙሪያው ጉድጓድ ይስብ ነበር። ከተራራው የሚታጠበው አፈር የሐይቁን ሆድ እየሞላ ነበር። ሁሉም የየራሱን ብቻ ነበር የሚያየው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ የሄደበት ላይ ከብት ተሰማራ። የሐረር ሰው ውሃ ከድሬዳዋ በኩል እስኪሳብለት ድረስ ያየውን መከራ የሐረር ሰው ይንገራችሁ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ወደ ሐይቁ ተመልሶ ብዙዎቻችንን አስደስቷል። ጥያቄው ግን አልተመለሰም፤ ማን ነበር የጠጣው?

መልሱ «ሁሉም ጥቂት ጥቂት» ነው። ከባዱ ነገርም ይኼ ነው። አንድ ትልቅ ጠጪ ቢሆን ይታይ ነበር። ሺህ ትናንሽ ጠጪ ግን ካርታ ላይ ካልተደመረ አይታይም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እያሳሳቀም ያልቃል።

አብጃታም ሌላው ነው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ የሚሳበው፣ ቡልቡላ ወንዝ ላይ የሚሳበው፣ ከራሱ ከአብጃታ ለሶዳ አሽ የሚሳበው ተደማምሮ ሐይቁ ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው ጠፋ። ዓሣው ሲጠፋ ሻላ ላይ ጎጆ ሠርተው አብጃታ ላይ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ራቅ ብለው መብል ፍለጋ ሄዱ። አብጃታ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። በፓርክ ተከልሎ ሳለ የሸሸው ውሃው ከላይ፣ ከፓርኩ ውጪም ስለተወሰደ ነው። ካርታው ተፋሰሱን ይከተል፣ የአስተዳደር ወሰንን አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ነጥቦች ሲገናኙ

አሁን ወደ ብረቱና ወደ ቱቦው እንመለስ።

ብረቱ የሚነግረን የውሃውን ከፍታ ነው። ከፍታ ብቻውን መጠን አይሆንም። ባለሙያዎች በተለያየ ከፍታ ላይ የውሃውን ፍጥነትና የወንዙን ስፋት እየለኩ «ውሃው እዚህ ጋ ሲደርስ በሰከንድ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ያልፋል» የሚል ሰንጠረዥ ይሠራሉ። ጎርፍ መጥቶ የወንዙን ወለል ሲለውጠው ሰንጠረዡም መታደስ አለበት። ካልታደሰ አንባቢው በየቀኑ በታማኝነት የጻፈው ቁጥር ቀስ በቀስ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ካርታው ላይ ጣቢያው የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተለካም ይጻፍ።

እንግዲህ የምሳሌ ሒሳብ እንሥራ። በበጋ ወር ከላይ ያለው ጣቢያ በሰከንድ 20 ሜትር ኩብ አለ እንበል። ከታች ያለው 11 አለ። በመካከል 9 ጠፋ። በዚያ መካከል ፈቃድ የተሰጠው ጠቅላላ መጠን 5 ነው። በትነትና በስርገት 1 ይጥፋ። ቀሪው 3 ሜትር ኩብ የት ገባ? በመስኖ ሰዎች ግምት አንድ ሄክታር በሰከንድ አንድ ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ 3 ሜትር ኩብ ማለት 3,000 ሄክታር እርሻ ነው። 3,000 ሄክታር ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ከሳተላይት ይታያል።

ሁለቱ ነጥቦች ካርታ ላይ ሲገናኙ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ፈቃዱ ብቻውን ወረቀት ነው። ልኬቱም ብቻውን ደብተር ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ጥያቄ ይወልዳሉ።

ሌላም ጥቅም አለው። ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በዓመት ድምር ነው። የእኛ ወንዞች ግን የዓመቱን ውሃ አብዛኛውን በክረምት ወራት ነው የሚያፈሱት። በዓመት ድምር «ውሃ ሞልቷል» የሚባልበት ወንዝ የካቲት ላይ ከብት የማያጠጣ ሊሆን ይችላል። የወር በወር ልኬት ከፈቃዱ ጋር ካልታየ መሥሪያ ቤቱ የነሐሴን ውሃ አይቶ የየካቲትን ይሸጣል።

ልኬት ሲጎድል ብቻ ሳይሆን ሲሞላም ያስፈልጋል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከላይ ሆኖ «ውሃ መጣ» የሚል ልኬት የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ወንዝ ነው።

ሌሎችስ?

እንግሊዝ ውስጥ ከወንዝም ሆነ ከጉድጓድ በቀን ከ20 ሜትር ኩብ በላይ የሚወስድ ፈቃድ ያወጣል። ሥርዓቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣ ሕግ ነው። የቴምዝ ወንዝ ዕለታዊ ፍሰት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ ተመዝግቧል። አድዋ ገና አልተዘመተም ነበር!

እነሱም ጻድቃን አይደሉም። የውሃ ኩባንያዎቻቸው ዝናብ ሲበዛ የፍሳሽ ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ ይለቃሉ። ቆሻሻው የሚለቀቅባቸው ቦታዎች ላይ መቆጣጠሪያ ተተክሎ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሁሉም ተዳረሰ። መረጃው ካርታ ላይ ወጣ። ሰውም የሚዋኝበትን ወንዝ ከፍቶ ማየት ጀመረ። ካርታው ቆሻሻውን አላጸዳም። ነገር ግን «የለም» ብሎ መካድን አስቸጋሪ አደረገ፤ ጉዳዩም የምርጫ መነጋገሪያ ሆነ።

ስፔን ደግሞ ዶኛና የሚባል ዝነኛ ረግረግ አላት። በዙሪያው ያለ ፈቃድ የተቆፈሩ ጉድጓዶች እንጆሪ ሲያጠጡ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወረደ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በስፔን ላይ ፈረደ። ሕግ ባለበትና ሀብት ባለበት አገርም ዓይን ካልኖረ እንዲህ ይሆናል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

አንደኛው «የውሃ መረጃ የአገር ምስጢር ነው» የሚል ነው። አባይን እያሰበ የሚናገር ሰው ስጋቱ ይገባኛል። መልካም፣ ከአባይ አንጀምር። ከአዋሽ እንጀምር። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አይደርስም። ከማን ነው የምንደብቀው? ከራሳችን?

ሁለተኛው «ገንዘብ የለም» ነው። ቀለም የተቀባ ብረት ውድ አይደለም። የቱቦውን ቦታ ለመመዝገብም ዛሬ በእያንዳንዱ ባለሙያ ኪስ ያለው ስልክ ይበቃል። ውድ የሚሆነው ለአንባቢው ደመወዙን በወቅቱ መክፈልና ሰንጠረዡን ማደስ ነው። እሱም ቢሆን ከደረቀ ሐይቅ ይረክሳል።

ሦስተኛው የእኔም ስጋት ነው። ካርታ የጉልበተኛ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። በመካከለኛው አዋሽ ትልልቅ እርሻዎች ሲስፋፉ የአፋር አርብቶ አደር በበጋ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ተወሰደበት። በሰነድ ላይ ስላልነበረ «ባዶ መሬት» ተባለ። ነገ ደግሞ ካርታው ባለፈቃዱን ኩባንያ ብቻ ይዞ ከወጣ ከብት የሚያጠጣው አፋርና በቦይ የሚያጠጣው ገበሬ «ሕገ ወጥ» ተብለው ይባረሩ ይሆናል። ሕጉ ግን ከፈቃድ ነፃ ያደረጋቸው መብት ስላላቸው ነው። ስለዚህ የከብት ማጠጫው፣ ባህላዊ ቦዩ፣ የመንደሩ ምንጭ ካርታው ላይ መጀመሪያ ይስፈሩ። የሚሰፍሩትም እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ መብት ነው። በገጠር መስኖ ባለበት የውሃ አባት ይኖራል። የማን ተራ መቼ እንደሆነ፣ ማን ሌሊት ቦይ እንደሰበረ በቃሉ ያውቃል። ሰውም ያያል፤ ሁሉም ስለሚያይ ተራው ይከበራል። እኔ የምለው ካርታ የውሃ አባቱን ሥራ ለትልቁ ወንዝ እንዲሠራ ነው።

እንግዲህ

ምኞቴን ላሳጥረው። አንድ፣ በአዋሽ ተፋሰስ የተሰጡ ፈቃዶች ከነመጠናቸውና ከነቦታቸው ይውጡ። ከትልልቆቹ ይጀመር። ሁለት፣ የልኬት ጣቢያዎቹ ከነዕለታዊ ቁጥራቸው ጎናቸው ይቀመጡ፤ የማይሠራው «አይሠራም» ይባል። ሦስት፣ ከፈቃድ ነፃ የሆኑት ባህላዊ ተጠቃሚዎች በራሳቸው ሽማግሌዎች ምስክርነት ይመዝገቡ። ወንዙ ከአንድ ክልል በላይ ስለሚያቋርጥ ሕገ መንግሥቱ ኃላፊነቱን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ክልሎቹ ደብተራቸውን ያምጡ፣ ፌዴራሉ ይዘርጋው።

ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ይላሉ አባቶች። የውሃ ነገር ሥሩ ማን፣ የት፣ ስንት ወሰደ ነው። ይህን ሳናውቅ ስለ ድርቅ ብናለቅስ፣ ሐይቅ ሲሸሽ ሰማዩን ብንወቅስ፣ ሰማዩ ይታዘበናል።

ቸር እንሰንብት።