ሥራው ስለ ቆመ የጭነት አውቶሞቢል

የአንድ ዐይነት አውቶሞቢል ሥራ በፋብሪካው ቆመ ማለት አውቶሞቢሉ በዚያው ቀን ሞተ ማለት አይደለም፤ ሞቱ መለዋወጫው ከገበያ ባለቀበት ቀን ነው። 504 የተባለው የፔጆ ፒክ አፕ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 በፈረንሳይ አገር መሠራቱ ቢቀርም፥ በናይጄሪያ ከ2000 በኋላም ይገጣጠም ነበርና ዕድሜው ተራዘመ። ዐይነቱ ኹሉ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አያገኝም።

በከተማችንም ከሾላ ገበያ ጭኖ የየካንና የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ፒክ አፕ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ስለ ኾነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ይደክማል።

ስለዚህ የቤተ ሰቡ እንጀራ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የተመሠረተ እንደ ኾነ፥ ባልና ሚስት ተመካክረው ሦስት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ፥ ከመግዛታቸው በፊት መለዋወጫውና ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ መኖሩን ይጠይቁ። ሁለተኛ፥ ቶሎ የሚያልቀውን ዕቃ ከገበያ ሳይጠፋ ገዝተው ያኑሩ። ሦስተኛ፥ ከየወሩ ገቢ ለመተኪያው ጥቂት ይቈጥቡ። ላም ብታረጅ ጥጃዋ ትተካታለች፤ አውቶሞቢል ግን አይወልድም፤ የሚተካው የተቈጠበ ገንዘብ ብቻ ነው።