እስቲ ያስሉ፣ አባባ

አጎቴ ደረታቸው ተከፍቶ መግል በወጣላቸው ማግስት ነርሷ አልጋቸው አጠገብ ቆማ «እስቲ ያስሉ፣ አባባ» አለቻቸው። ትራሱን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አቀፉ። ፊታቸው ተኮማተረ፤ የወጣችው ግን ጉሮሮ የመጥረግ ያህል ድምፅ ነበረች። ከጎናቸው የወጣው ቱቦ የተነከረበት ጠርሙስ ቡልቅ አለና ዝም። «ተይኝ፣ ልጄ» አሏት።

ማደንዘዣ ሲነሳ ሁላችንም የምንፈራው ተኝቶ መቅረትን ነው። በደረት ቀዶ ሕክምና ግን ፈተናው ከነቁ በኋላም አለ። ጎድን በየትንፋሹ ይንቀሳቀሳል። ያመመው ሰው ትንፋሹን ይቆጥባል፣ ማሳል ይፈራል፤ አክታው እዚያው ይቀርና የሳንባ ምች ይከተላል።

ድሮ ጣጣው ማስተኛቱ ነበር፤ ደረት ሲከፈት ሳንባ ይሟሽሻላ! ይህን ለመከላከል ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሳወርብሩክ በ1904 (እ.ኤ.አ.) የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ክፍል ሠራ። ሐኪሞቹ ከበሽተኛው ገላ ጋር ውስጥ፣ የበሽተኛው ጭንቅላት ውጭ! በ1949 ደግሞ ስዊድናዊው ካርለንስ ባለ ሁለት መንገድ የመተንፈሻ ቱቦ አመጣ፤ አንዱ ሳንባ ሲተነፍስ ሌላው ጸጥ ይላል።

ለሕመሙ ደግሞ ለረጅም ዘመን የታመነው ኤፒዱራል፣ ማለትም በጀርባ በኩል ከኅብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። ግሩም ነው፤ ግን የደም ግፊት ይጥላል፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ያሰጋል፣ ሌሊቱን የሚከታተል ባለሙያም ይፈልጋል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የማደንዘዣ ሐኪሙ ፎሬሮና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ዘዴ ቀለል ይላል። በአልትራሳውንድ እያዩ መርፌውን ከጀርባ ጡንቻ ሥር፣ ከአከርካሪው ጎን ያለው አጥንት ላይ ያሳርፉታል። ቦታው ከኅብለ ሰረሰርም ከሳንባ ሽፋንም ይርቃል። የሚወጋው ማደንዘዣ ቡፒቫኬይንም ቢሆን፣ በኦፕራሲዮን የሚወልዱ እናቶቻችን ወገባቸው ላይ የሚወጉት ያው መድኃኒት ነው። ኤፒዱራልን ይተካል አልልም፤ የሞርፊንን ፍጆታ መቀነሱ ግን ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

እኛ ዘንድ አብዛኛውን ማደንዘዣ የሚሰጡት ሐኪም ያልሆኑ አንስቴቲስቶች ናቸው። ለእነሱ ሥልጠናና አንድ አልትራሳውንድ መስጠት ውድ ማሽን ገዝቶ ከማስመረቅ ይቀድማል ባይ ነኝ።

እስከዚያው፣ ዘመድዎ ለደረት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከተያዘለት፣ በዋዜማው አንስቴቲስቱን ፈልገው «ሲነቃ ሕመሙን በምን ትይዙለታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። እኛ አልጠየቅንም ነበር።